መሪ ውሻ በሀበሻ ቤት፦ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ እናዘጋጅ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ እርዱኝ)

እኅቱ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። የቤቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም በግምት እንዳትጠሩ አደራ።

ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፤ መሪ ውሻ ካገኘ ዓመት ሊሞላው ነው። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሆነን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ወዳለ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ሄድን። አስተናጋጇ ገና በሩ ላይ ስታየን «ውይ፣ ውሻ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ባለቤቷ ወጡ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ደግ ፊት አላቸው። ወንድሜን ትከሻውን ይዘው «አንተ ግባ የኔ ልጅ፤ እሷን ደጅ እሰራት፣ ውኃ አወጣላታለሁ» አሉት። በክፋት እንዳልሆነ ያስታውቃል። እሱም ረጋ ብሎ «እማማ፣ እሷ ከሌለች እኔ ወንበሩንም አላገኘውም» አላቸው። የተቀመጠው ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። አንዱ ሰውዬ «ምግብ በሚበላበት ቤት ውሻ!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ «እንሂድ» አለኝ፤ ወጣን። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ፒዛ ቤት ገባን። ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ውሻዋ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተኛች።

እሱ ምንም ያልመሰለው መስሎ በላ። እኔን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባዕድ ቤት እንደማንኛውም ሰው የሚገባ ልጅ፣ የገዛ ቋንቋው በሚነገርበትና የእናቱ ወጥ በሚሸትበት ቤት ደጅ ቀረ።

ክስ አንፈልግም። ያሰብኩት በአማርኛ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተን ለምግብ ቤቶች፣ ለባልትና ሱቆችና ለሾፌሮች ብናድልስ ነው። ሕጉን የምታውቁ፣ ቤት ያላችሁ፣ የምትነዱ፣ ምን ይግባበት? ደግሞስ አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነውን ውሻ ምን ብለን እንጥራው? ሁሉም «ሰርቪስ ዶግ» ነው የሚለው። «አገልጋይ ውሻ» ስል ለጆሮዬ አልጥም አለኝ።

---

የዳለስ ሾፌር · ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

እኅቴ፣ የጻፍሽውን ዳለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፤ ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ከትልቅ ጥቁር ውሻ ጋር ስትጠብቀኝ አይቼ ሳልቆም አልፌአለሁ። ዛሬም ድረስ ሲከነክነኝ ይኖራል።

ሰው ሁሉ ለመኪናው ንጽሕና ብሎ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ፍርሃት ነው። በልጅነቴ ውሻ ነክሶኝ ፓስተር ተወስጄ በየቀኑ ሆዴ ላይ ተወግቻለሁ። ያንን መርፌ የቀመሰ ያውቀዋል። እኛ አገር ውሻ ማለት ወይ የግቢ ጠባቂ ነው፣ ወይ የመንደር ውሻ ነው፤ አብዶ ይሆናል ተብሎ የሚሸሽ። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ «ሕጉ ይህን ይላል» ብሎ ብቻ ቢያስፈራራን አንድ ሾፌር አይለወጥም። ፍርሃታችንን እንደምታውቁት ጻፉበት። ከዚያ ውሻው መኪና ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያደርግ ንገሩን።

ሌላው ጥያቄዬ፦ አለርጂ ያለበት ሰውስ?

---

የወረቀት ሥራ · ማክሰኞ ጠዋት

የሕግ ቢሮ ውስጥ ስለምሠራ የሕጉን እኔ ልመልስ። የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤ.ዲ.ኤ የሚባለው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ሁሉ፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ታክሲ፣ ሰርቪስ ዶግ የያዘን ሰው መመለስ አይችልም። ፍርሃትና አለርጂ ለመከልከል በቂ ምክንያት ተብለው አይቆጠሩም። አለርጂ ያለበትና ውሻ የያዘው አንድ ቤት ከተገናኙ አራርቆ ማስቀመጥ ነው። ተጨማሪ ሂሳብም አይጠየቅም፤ ውሻው ዕቃ ካበላሸ ብቻ እንደማንኛውም ደንበኛ ይከፈላል።

ባለቤት ሲጠራጠር መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ «ይህ ውሻ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ሰርቪስ ዶግ ነው?» ሁለተኛ፣ «ምን እንዲሠራ ነው የሠለጠነው?» ወረቀት አምጣ፣ በሽታህ ምንድን ነው፣ እስቲ ሲሠራ አሳየኝ ማለት የለም። ዓይነ ስውርን ሲመራ በግልጽ እየታየ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ጥያቄዎች አያስፈልጉም።

ለሾፌሮች፦ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባልቲሞር ያለው፣ በ2014 ኡበርን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከስሶ ጉዳዩ በ2016 በስምምነት አልቋል። ከዚያ ወዲህ እያወቀ ሰርቪስ ዶግ ያለውን ተሳፋሪ ጥሎ የሄደ ሾፌር ከሥራው ይሰናበታል። ስንት ቤተሰብ በዚህ ሥራ እንደሚተዳደር ሳስብ፣ ይህ በአማርኛ ሳይነገረው እንጀራውን የሚያጣ ወገን እንዳይኖር እፈራለሁ።

---

ባለ ምግብ ቤት · ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ የሴትየዋን ቦታ ሆኜ ልናገር። አሌክሳንድሪያ ትንሽ ቤት አለኝ። የጤና ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ልቤ ይመታል። «ውሻ አስገብተሽ» ተብሎ ነጥብ ቢቀነስብኝ፣ ቤቴ ቢዘጋ፣ ማን ይደርስልኛል? ይህ ነው የመጀመሪያው ሐሳቤ። ሁለተኛ፣ የሐሰት ሰርቪስ ዶግ ሞልቷል። አንዷ ትንሽ ውሻ በቦርሳ ይዛ መጥታ ወንበር ላይ አስቀምጣ ከሳህኗ ስታበላ አይቻለሁ። ደረቱ ላይ «ሰርቪስ ዶግ» የሚል ጨርቅ ለብሶ ነበር። እንዴት ልለይ?

---

የወረቀት ሥራ · ማክሰኞ ከሰዓት

እኅቴ፣ ተቆጣጣሪውን አትፍሪ። የጤና ደንቡ እንስሳ ቢከለክልም ሰርቪስ ዶግ ደንበኛ ወደሚቀመጥበት ሁሉ መግባት ይችላል፤ ማዕድ ቤት ብቻ ነው የማይገባው። ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ከሳህን ማብላት ሕጉ አያስገድድሽም፤ ያቺን ሴትዮ መከልከል ትችዪ ነበር። ውሻው ከተበጠበጠና ባለቤቱ ካልገታው፣ ወይም ቤት ውስጥ ከተጸዳዳ፣ «ውሻውን አውጣልኝ» ማለት መብትሽ ነው። ሰውየው ግን ያለ ውሻው ተመልሶ መስተናገድ ከፈለገ ታስተናግጂዋለሽ።

ጨርቁንና በኢንተርኔት የሚሸጠውን መታወቂያ እርሺው። መንግሥት የሚሰጠው ምዝገባ የለም፤ ጨርቅ የማንም ነው። በጠባዩ ነው የምትለዪው። ባለቤቱን ለማጽናናት ብቻ አብሮት የሚኖር ውሻ ደግሞ በዚህ ሕግ ሰርቪስ ዶግ አይባልም፤ የሠለጠነበት ተግባር ሊኖረው ይገባል።

---

የሰበታ ተማሪ · ማክሰኞ ማታ

እኔ ወንድምየው ነኝ። እኅቴ ይህን ውይይት የከፈተችው ሳትነግረኝ ነው፤ ስልኬ ሲያነብልኝ ነው የሰማሁት። ግን ደስ ብሎኛል።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። «መሪ ውሻ» በሉት። ሰበታ የተማርኩበት ትምህርት ቤት መርሐ ዕውራን ይባላል፤ በግእዝ የዕውሮች መሪ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ «መሪ» የሚለው ቃል ዓይነ ስውርን የሚመራውን ልጅ መጥሪያም ነው። ሰበታ ከመግባቴ በፊት የእኔ መሪ ይህችው እኅቴ ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነበር። እሷ የዱላዬን አንድ ጫፍ ይዛ ከፊት፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ ከኋላ። እኔን ቄስ ትምህርት ቤት አድርሳ ደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ውስጥ ገብታ ፊደል እንድትቆጥር ማንም አላሰበም፤ እኔም አላሰብኩም። በኋላ ነው የገባኝ። የዚያን ሁለት ዓመት ዕዳ እስካሁን አልከፈልኳትም።

ለሌሎች አካል ጉዳተኞች የሚሠሩም አሉ፤ መስማት ለተሳነው የበር ደወል የሚያሳውቅ፣ ዊልቸር ላይ ላለ የወደቀ ዕቃ የሚያነሳ። ለእነዚያ «አጋዥ ውሻ» ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ለሾፌሩ ወንድሜ። ውሻዬን ያገኘሁት ኒው ጀርሲ፣ ሞሪስታውን ካለው ትምህርት ቤት ነው፤ ከ1929 ጀምሮ የሚሠራ ነው። እኔ የከፈልኩት 150 ዶላር ብቻ ነው፤ ቀሪውን የሚሸፍነው የሰው ልገሳ ነው። ቡችላ ሳለች አንድ ቤተሰብ በፈቃዱ አሳድጓታል፤ ከዚያ ለወራት ሠልጥና፣ በመጨረሻ እኔና እሷ ለሳምንታት አብረን ተማርን። ብዙ ሰው መብራት አይታ የምታሻግረኝ ይመስለዋል። አይደለም። የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ፣ አመዛዝኜ፣ «ወደፊት» የምላት እኔ ነኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳያሰማ ቢታጠፍብኝ ግን፣ እኔ «ወደፊት» ብላትም አትንቀሳቀስም። እምቢ እንድትል ነው የሠለጠነችው። ባለፈው ጥር ጆርጂያ ጎዳና ላይ ሁለቴ አዘዝኳት፤ ሁለቴ እንደ ድንጋይ ቆመች። ከዚያ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ መኪና ማለፉን አወቅሁ።

መኪና ውስጥ ከእግሬ ሥር ወለሉ ላይ ነው የምትተኛው፤ ወንበር ላይ አትወጣም። ፍራቻህን ንገረኝ፤ አልቀየምም። «ወንድሜ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ከፊቴ አርቃት» በለኝ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሳትቆም ስታልፍ ግን ስልኬ «ጉዞዎ ተሰርዟል» ይለኛል፤ ዝናብም ቢሆን ሌላ መጠበቅ ነው።

ሦስት ነገር አደራ። ሃርነስ፣ ማለትም እጀታ ያለውን የደረት ማሰሪያ፣ ለብሳ፣ እጀታውን ይዤ ሳለሁ ሥራ ላይ ናት፤ አትጥሯት፣ አትዳብሷት። ስሟን ስትጠይቁኝ የማልነግራችሁ ንቄ አይደለም፤ ስሟን ያወቀ ሁሉ ይጠራታል፣ እሷም ትዞራለች፣ እኔም ግንድ እመታለሁ። ደግሞ እባካችሁ፣ ጉርሻ አትስጧት።

---

የወሎ ልጅ · ማክሰኞ ማታ

አሏህ ይጠብቅህ ወንድሜ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባለቤቴም ይነዳል። የሻፊዒን የእስልምና ሕግ መንገድ በምንከተለው በእኛ ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ርኩስ ማለት፣ ነው፤ ልብስ ሲነካ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። ለሾፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሶላት አለበት። ግን ውሻን ለሥራ መያዝ ከድሮም የተፈቀደ ነው፤ ቁርኣን ውስጥም አደን የሠለጠነ ውሻ ተጠቅሷል፣ የዋሻው ሰዎች ውሻም አለ። እንግሊዝ ሌስተር ከተማ አንድ መስጊድ በ2008 ለአንድ ዓይነ ስውር ወጣት መሪ ውሻው መስጊድ ድረስ እንዲያመጣው ፈቅዶለታል፤ ውሻው የሚያርፍበት ቦታ ከመስገጃው ውጭ ተዘጋጅቶለት። ባለቤቴ አሁን መኪናው ውስጥ የሚታጠብ ምንጣፍ ይይዛል፤ ወለሉ ላይ ያነጥፈዋል፣ ማታ ያጥበዋል። ወረቀቱ ላይ የምንጣፉን ነገር ጻፉት፤ ብዙ ሰው በእሱ ይገላገላል።

---

ዲያቆን · ረቡዕ ጠዋት

አንድ ነገር መሸሸግ የለበትም። ያ ሁሉ ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ቤተ ክርስቲያናችንን ማንም አያስገድዳትም። ስለዚህ ወንድማችን በሕግ በር የሚከፈትለት ምግብ ቤት ነው፤ ቤተ እግዚአብሔር የሚከፈትለት በእኛ ፈቃድ ብቻ ነው። ይህ ያሳስበኛል።

መጽሐፈ ጦቢትን አንብቡ። ጦቢት ዓይነ ስውር ሆነ፤ ልጁ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሯቸው ሄደ፤ ሲመለሱም አብሮ ተመለሰ። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 የምናነሳው ታሪክ ነው። መልአኩ ውሻውን አላባረረም።

---

አገልጋይ ነኝ · ረቡዕ ጠዋት

ዲያቆን፣ ስለ ጦቢት ያልከው እውነት ነው፤ እነሱ ግን የሄዱት መንገድ ነው፣ ቅዳሴ አይደለም። ሥርዓት ሥርዓት ነው። እኔ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር እግር ሥር ተምሬያለሁ፤ እኛ ተማሪዎቹ እየተፈራረቅን እንመራቸው ነበር፤ ክብር ነበር። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ክንዱን የሚሰጠው ወጣት ጠፍቶ ነው?

---

የሰበታ ተማሪ · ረቡዕ ምሳ ሰዓት

አባቴ፣ ቅዳሴ ውስጥ ውሻ ይግባ ብዬ አላውቅም። የምጠይቀው ሌላ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ይመደብልኝ፤ ውሻዬን የሚጠብቅ፣ እኔንም ክንዱን ሰጥቶ እስከ ቦታዬ የሚያደርሰኝ፣ ሲያልቅም የሚመልሰኝ። በቃል «እንረዳሃለን» ይባላል፤ እሑድ ጠዋት ሲሆን ግን ሁሉም ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ እኔ ደጅ ቆሜ የማን ኮቴ እንደሆነ አዳምጣለሁ። ስምና ተራ የተጻፈበት ዝርዝር ይሁን። ቅዳሴ ያለቀ ጊዜ ጠበል ጻድቅ ላይ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አብራኝ ትሁን።

---

አገልጋይ ነኝ · ረቡዕ ማታ

ይህ ይቻላል። የእኔን ስም የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍ።

---

የልጄ እናት · ሐሙስ ጠዋት

አንብቤ ዝም ልል ነበር። ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ላዩ ምንም አይመስልም። አጋዥ ውሻ ለማግኘት ተመዝግበን ተራ እየጠበቅን ነው፤ ሲወድቅ አጠገቡ ሆኖ ሰው እንዲጠራ የሚሠለጥን። ውሻው ገና ሳይመጣ እኔን የሚያስጨንቀኝ የፈረንጅ አይደለም፤ የእኛው «ምን ሆኖ ነው?» ነው። ሕጉ ባለ ሱቁ እንዳይጠይቅ የከለከለው ጥያቄ በእኛ ባህል የደግነት ጥያቄ ነው። ጠይቀው፣ ከንፈር መጠው፣ «እግዜር ይማረው» ብለው፣ ከዚያ ጠበል ይጠቁማሉ። ልጄ አማርኛ ይሰማል። ሁሉንም ይሰማል። በቀደም «እማዬ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ስጡኝ፦ «ሰላም በሉት፤ ምን ሆነህ ነው አትበሉት።»

---

አራት ኪሎ · ሐሙስ ቀን

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፣ በነጭ በትር ነው የምሄደው። ለሰበታው ወንድሜ አንድ ጥያቄ፦ አገር ቤት ስትመጣ ይዘሃት ትመጣለህ? እዚህ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ መንገድ ላይ የተቆለለ አሸዋ፣ ማታ ማታ ደግሞ በቡድን የሚሄድ የመንደር ውሻ አለ። ነገሩ መሪ ውሻ ላይ ብቻ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የሕንጻ አዋጁም ከዚያ በፊት ወጥቷል፤ ዛሬም አዲስ ሕንጻ በር ላይ ደረጃ ብቻ ይጠብቀኛል። ከእኛ ከዓይነ ስውራን መካከል የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ስትሸለም ሁላችንም ኮርተናል። ሲመሽ ግን እዚያው ጉድጓድ ጋ ነን።

---

የሰበታ ተማሪ · ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ይዣት አልመጣም። የሰፈር ውሾች ቢነክሷት ሥራዋ ያበቃል። መመለሻውም ቀላል አይደለም፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ተርታ ስለመዘገበች፣ ከነሐሴ 2024 ወዲህ ከዚያ ለሚመጣ ውሻ ማይክሮቺፕና ከመሄዷ በፊት የተሟላ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ለገና በበትሬ እመጣለሁ። እናቴ ውሻዬን በስልክ ነው የምታያት። አራት ኪሎ ስመጣ አብረን እንሄዳለን፤ ጉድጓዶቹን አንተ ታውቃቸዋለህ።

---

እኅቱ · እሑድ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፦ ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ማዕድ ቤት ብቻ እንደማይገባ፣ «ፍርሃታችሁን ንገሩን»፣ ምንጣፉ፣ የልጄ እናት መስመር። 200 ቅጂ አሳትመናል። የዳለስ ሾፌር 60ውን ወስዶ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ አድሏል።

ወንድሜ ስለ መሪነቴ የጻፈውን እዚህ ነው ያነበብኩት፤ በቃል ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ዕዳው እዚህ አልመልስም፤ ቤት ተነጋግረናል።

ትናንት ወደዚያው ቤት ተመለስን። አስቀድሜ ደውዬ ነበር። ባለቤቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ከዚያ ማዕድ ቤት ገብተው ለሠራተኞቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡላቸው ሰማን። ወንድሜ ከፊት ገባ። ውሻዋ ከረከቦቱና ከሰል ከያዘው ማንደጃ አዙራ፣ በርጩማዎቹ መሐል አሳልፋ፣ መሶቡ ጋ አደረሰችው። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ እጄን የት እንደማደርገው ግራ ገባኝ። ጥብሱ በሸክላ እየተንቸሰቸሰ ሲመጣ አንገቷን እንኳን አላቀናችም።

እማማ ግን አላስቻላቸውም። «ምን ትበላለች?» አሉ። «ምንም፣ ቤት በልታለች» አላቸው። «እንዴት ሰው ቤት ገብታ አፏን ሳታሟሽ ትወጣለች? ነውር አይደለም እንዴ?» ብለው አንድ የጥብስ ቁራጭ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ወንድሜ እየሳቀ እጃቸውን ያዘ። በመጨረሻ ውኃ በሳህን አስቀመጡላት፤ የቁራጩን ጥብስ ጉርሻ እሱ በላው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ኅትመት አንድ ማስተካከያ አለኝ፦ «ምግብ አትስጧት» የሚለው ከታች በትንሹ ነው ያለው፤ ወደ ላይ ወጥቶ በትልቁ ይጻፍ። ፎልስ ቸርችና ስካይላይን አካባቢ የሚያድል ሰው ያስፈልገናል። ማን ይችላል?